ዮሴፍ የዘገየበት ዓመት

«ዮሴፍ ሽማግሌው፣ አናጢው ጌታዬ፣
ጥረብልኝ መስኮት፣ ይግባልኝ ፀሐዬ…»

ከዚህ ወዲያ ያለውን ቬኔራ አታውቀውም። ሊጥ ስታሽ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ትደርስና ቃሉ ከአፏ ይጠፋባታል፤ ዜማው ብቻ «እም… እም…» እያለ በአፍንጫዋ ይቀጥላል። እናቷ ሙሉውን ታውቀው ነበር፤ እናቷ ግን ከነዘፈኗ አፈር ገብታለች። በዚያ ዓመት ታዲያ ዜማው ከቬኔራ አፍ የሚወጣው እንደ ጸሎት ሳይሆን እንደ ስድብ ነበር። ሊጡን በቡጢ ስትደቁሰው ያየ ሰው፣ ከዱቄቱ ውስጥ የሆነ ሰው ፊት እየታያት ነው ይላል።

ቆሞ ማቡካት የሁሉም ሴት ሥራ ነው። ቬኔራ ግን ቆማ ነበር የምትበላውም።

በእኛ መንደር በካርዳራ፣ በሲሲሊ ኮረብቶች መሃል፣ ወንዱ ሁሉ ድኝ ቆፋሪ ነው። አፈሩ ቢጫ፣ ውሃው መራራ፣ የወንዶቹ ሳል ደረቅ። ጦርነቱ ካለፈ ጥቂት ዓመት በኋላ፣ የወይን ለቀማው ባለቀ ሰሞን፣ ጉድጓዱ ተደረመሰና የቬኔራ ባል ጋስፓሬ ከውስጥ ቀረ። ሌሎቹ ሚስቶች ደረታቸውን ሲደልቁ እሷ እንባ አላወጣችም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመች፤ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፤ ከጎረቤት ጋር እንደምትጣላ ሴት ወደ ሰማይ ጮኸች።

«ዮሴፍ! አንተም ሚስት ነበረችህ! ጋስፓሬን አውጣልኝ። ካወጣኸው በቀንህ ገበታ እዘረጋልሃለሁ። አንተ ከገበታዬ እስክትበላ ድረስ እኔ ተቀምጬ እህል አልቀምስም!»

ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ አካፋውን ሲጥል ጋስፓሬ ከነነፍሱ ወጣ። ቀኝ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነችለትም።

የዮሴፍን ገበታ ማንም ከራሱ ጓዳ አይዘረጋም። ባለስእለቷ ፀጉሯን ፈትታ፣ በባዶ እግሯ፣ ከቤት ቤት ዱቄትና ዘይት ትለምናለች። የመንደሩ ድሆች ደግሞ፣ ሽማግሌው ዮሴፍን፣ ልጃገረዷ ማርያምን፣ ሕፃኑ ጌታን ሆነው መጥተው በሯን ያንኳኳሉ። እነሱ ሳይጠግቡ ማንም አይቀምስም። የዮሴፍ በዓል ቀን ዘወትር በዐቢይ ጾም ውስጥ ነውና ሥጋ የለም፤ ፓስታው ላይም አይብ የለም። በአይቡ ፋንታ የተጠበሰ የዳቦ ፍርፋሪ ይነሰነስበታል፣ እንደ አናጢው የመጋዝ ብናኝ።

ከወይን ለቀማው ጀምሮ እንግዲህ ቬኔራ ዳቦዋን በእጇ ይዛ በመስኮቱ አጠገብ ቆማ ትበላለች። ገና ሲመጣም ቆማ በላች። የአንድ ወር ስእለት መስሏቸው ሲያደንቋት የነበሩ ሴቶች፣ ሲረዝም ጊዜ ማላገጥ ጀመሩ። በምንጩ ዳር ባልዲ እየሞሉ እንዲህ ይሉ ነበር፦

«የቬኔራ ወንበር ባሕታዊ ሆነ፣
ሰው ሳይነካው ውሎ ብቻውን መነነ።»

«ዝፈኑ፣ ዝፈኑ» ትላለች ቬኔራ ባልዲዋን አንስታ። «የዮሴፍ ቀን ሲመጣ እናንተም ከገበታዬ ትለምናላችሁ። ያን ጊዜ ዘፈኑን አስደግማችኋለሁ።»

ጋስፓሬ ግን አይዘፍንም፣ አይስቅም። ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ ያስቀምጥና «አንቺ ቆመሽ ስትበዪ የተቀመጥኩበት ወንበር ይወጋኛል» ይላል።

«ይውጋህ። የዮሴፍ ቀን ቀርቧል።»

ቀርቦም ነበር። ነገር ግን በዚያ ዓመት ፋሲካ ከወትሮው እጅግ ቀድሞ ገባ። በጾሙ መሃል በአንዱ እሑድ አባ ሊቦሪዮ ቅዳሴውን ፈጽመው ወደ ሕዝቡ ዞሩና አስታወቁ፦ ዘንድሮ የዮሴፍ ቀን የሕማማት ሰኞ ላይ ወድቋል፤ የብስራት በዓልም ራሱ ትንሣኤ ላይ። ሕማማትም የትንሣኤም ሳምንት ለማንም ቦታ አይለቁም። ስለዚህ ሁለቱም ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ይከበራሉ፤ ሰኞ የእመቤታችን ብስራት፣ ማክሰኞ ዮሴፍ።

ቬኔራ አባ ሊቦሪዮን ዕቃ ቤት ውስጥ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ደረሰችባቸው።

«አባ፣ ማክሰኞ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ቬኔራ፣ መጀመሪያ ደህና አደሩ ይባላል።»

«ደህና ማደሬ በእርስዎ አዋጅ አበቃ። ማክሰኞ ያለው ማነው?»

አባ ሊቦሪዮ ክፉ ሰው አልነበሩም። የጋሪ ነጂ ልጅ ናቸው፤ ትከሻቸውም ንግግራቸውም የጋሪ ነጂ ነው። መደረቢያቸውን አጣጥፈው መሳቢያው ላይ አኖሩና ወደ መስኮቱ ጠቆሙ።

«ያንን መንገድ ታዪዋለሽ? ጠባብ ነው። ሁለት ጋሪ ፊት ለፊት ሲገናኝ ምን ይሆናል?»

«ነጂዎቹ ይሰዳደባሉ።»

«ከዚያስ?»

«አንዱ ወደ ኋላ ይመለሳል።»

«የትኛው?»

«ቀላሉ።»

«በዓላትም እንደዚያው ናቸው፣ ልጄ። ሁለት በዓል በአንድ ቀን ሲገናኝ ከባዱ ያልፋል። ትንሹ ከሆነ በአንዲት ጸሎት ይታሰብና ይቀራል፤ ትልቁ ከሆነ መንገዱ እስኪለቀቅ ቆሞ ይጠብቃል። ዮሴፍ ትልቅ ነው፤ አይቀርም፤ ይጠብቃል። መንገዱ ሲለቀቅ ደግሞ እመቤታችን ከፊቱ ቆማለች፤ እሷም ከትንሣኤ ተገፍታ ነው የመጣችው። እሷ ትለፍ፣ እሱ ይከተል። ባል ሚስቱን ቢያስቀድም ምን ነውር አለው?»

«በዚህ መንገድ ወደ ኋላ ሲመለስ ያየሁት የድሃ ጋሪ ብቻ ነው።»

«ይሄ ሕግ እንጂ የሀብታምና የድሃ ነገር አይደለም።»

«ገበታዬ ላይ ሥጋ የለ፣ አይብ የለ! ሕማማቱን ምኑን ይነካዋል?»

«ሥጋው አይደለም፣ ደስታው ነው። ጌታ ለሞት በሚሄድበት ሳምንት ቤትሽ ውስጥ እልል ይባላል? እስቲ አንቺው ንገሪኝ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መቆሙ ከከበደሽ ጳጳሱን ልጠይቅና ስእለትሽ በሌላ ይለወጥልሽ። ዛሬውኑ ገብተሽ ተቀምጠሽ…»

ቬኔራ «እርስዎ» ማለቱ የጠፋባት እዚህ ላይ ነው።

«አንተ ጉድጓዱ አፍ ላይ ነበርክ? ጳጳሱስ ነበረ? ስእለቴን የሰማኝ ዮሴፍ ነው፤ የሚፈታኝም እሱ ነው! ‹በቀንህ› ነው ያልኩት። ‹አባ ሊቦሪዮ በሚመርጥልህ ቀን› አላልኩም!»

በሩ ላይ ቆመው የሚሰሙት አሮጊቶች አማተቡ። ቬኔራ በመሃላቸው ሰንጥቃ ወጣች።

በማግስቱ ፀጉሯን ፈታች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ልመናዋን ጀመረች። ሰው ለዮሴፍ እንቢ አይልም፤ እፍኝም ቢሆን ይሰፍራል። ግን ሁሉም ሲሰፍር ዓይኑን ይሰብር ነበር። የዳቦ ምድጃ ያላት አበልጇ አግሪፒና ብቻ ናት በግልጽ የተናገረችው።

«ለየትኛው ነው ዱቄቱ? ለሰኞው ዮሴፍ ነው ለማክሰኞው?»

«ዮሴፍ አንድ ነው።»

«ዮሴፍስ አንድ ነው፤ ቀኑ ነው ሁለት የሆነብን። አበልጄ፣ በሕማማት ምድጃዬን ለግብዣ አላነድም። ልጆች አሉኝ፤ መቅሠፍት እፈራለሁ።»

«ምድጃሽ ልጅ ይበላል?»

«ምድጃዬስ አይበላም፤ የሚበላውስ አፍሽ ነው። እንኪ ዱቄቱን፣ እሳቱን ግን ከኔ አትጠብቂ።»

ቬኔራ ዱቄቷን ይዛ ወደ አጎት ናርዱ ወረደች። ናርዱ ቅርጫት ሠሪ ነው፤ ሚስቱም ልጆቹም አልቀውበት ብቻውን ይኖራል። ጢሙ ነጭና ረጅም ስለሆነ ከድሮ ጀምሮ በየገበታው ዮሴፍ የሚሆነው እሱ ነው። ድምፁም የታወቀ ነው፤ በሕማማት ሳምንት ለቅሶ የሚያዜሙትን ወንዶች የሚመራቸው እሱ ነው።

«እምቢ አልልሽም፣ ልጄ» አላት ሸንበቆውን እየሰነጠቀ። «አልችልም ነው የምልሽ።»

«ምን ይጎድልዎታል? ጢሙ እንዳለ ነው፣ ረሃቡም እንዳለ ነው።»

«ረሃቡስ አለ። ግን ዓርብ የጌታን ሬሳ ተሸክሜ የማለቅሰው እኔ ነኝ። ሰኞ አባቱ ሆኜ ያንቺን ፓስታ ልጠቅልል? ደግሞስ ልጁ ሲሰቀል ዮሴፍ የት ነበር?»

«የት ነበር?»

«ሞቷል እንጂ! ጌታ እናቱን ለዮሐንስ አደራ የሰጠው ለምን ይመስልሻል? ባል ስላልነበራት ነው። በዚያ ሳምንት ዮሴፍ አፈር ለብሷል። የሞተ ሰው በር አያንኳኳም።»

«ታዲያ በማክሰኞው ከየት ይመጣል?»

ሽማግሌው ሸንበቆውን አስቀመጠና ድዱ እስኪታይ ሳቀ።

«ከትንሣኤ በኋላማ ማን መቃብር ውስጥ ይቀራል?»

ቬኔራ አልሳቀችም። መልሱ ልክ ሆኖ ነበር የተሰማት፤ ይሄ ደግሞ ይባስ አበገናት። ልክ የሆነ ነገር ሁሉ በዚያ ሰሞን ከሌሎች ወገን ነበር። ከእሷ ጋር የነበሩት ጉልበቶቿ ብቻ ናቸው።

የሕማማት ሰኞ ብቻዋን ገበታውን ዘረጋች። ዳቦውን በቤቷ ፍም ላይ ጋገረችው፤ ከስሩ አረረ፣ ከላዩ ነጣ። ግን በመጋዝ ቅርጽ አንድ፣ በመሰላል ቅርጽ አንድ፣ በሽማግሌ ጢም ቅርጽ አንድ አድርጋዋለች። ፓስታው በሰርዲንና በዱር እንስላል፣ ከላዩ ፍርፋሪው። ሽምብራው፣ የተጠበሰው አበባ ጎመን፣ የተላጠው ብርቱካን። ሦስት ወንበር። አንድ ሻማ። በሩን ዘጋችና ከበስተኋላው ቆመች፤ ምክንያቱም ሥርዓቱ እንዲያንኳኩ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ሐውልቶቹ ሁሉ በሐምራዊ ጨርቅ ተሸፍነዋል። መንደሩም የተሸፈነ ይመስል ነበር። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው በእሷ ደጅ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እግሩን ያፈጥናል። ፀሐይዋ ከአናት አለፈች። ሻማው ወደ ግማሽ ወረደ። ፓስታው ቀዝቅዞ እርስ በርሱ ተጣበቀ።

በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?»

«ዮሴፍ ነኝ።»

ድምፁን አወቀችው። ከፍታ ስታይ ጋስፓሬ የአልጋቸውን ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ የመጥረጊያ እንጨት ተመርኩዞ ቆሟል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ዮሴፍ ነኝ አልኩሽ እኮ።»

«አንተ ዮሴፍ አይደለህም። አንተ ዮሴፍ ያወጣህ ነህ።»

«ድሃ መሆን አይደል የሚፈለገው? ምን ጎደለኝ? እያነከስኩም ነው፤ እያረጀሁም ነው። ልግባና ልብላ፣ ከዚያ አንቺም ተቀመጪ። ማን ያየናል?»

«እሱ ያየናል! ስእለቴን በገዛ ባሌ፣ በገዛ ብርድ ልብሴ ላጭበርብረው?»

ጋስፓሬ ብርድ ልብሱን ከትከሻው አውርዶ አጠፈውና ከሦስቱ ወንበሮች በአንዱ ላይ አስቀመጠው።

«የቀኑን ነገር እናንተ ታውቃላችሁ» አለ። «እኔ የማውቀው፣ ከዚያ ጉድጓድ የወጣሁት ሚስቴ እንደ በቅሎ ቆማ ስትበላ ለማየት አልነበረም።» እግሩን እየጎተተ ወጣ።

ቬኔራ የፓስታውን ድስት አነሳችና ራሷ ላይ አደረገችው፤ በመንገዱ መሃል ለመሃል፣ ሰው ሁሉ ከመስኮት እያየ፣ ወደ አባ ሊቦሪዮ ቤት ወጣች። በሩን በእግሯ መታችው።

«ቅዱሱን ከቤቴ ያስቀሩት እርስዎ ነዎት» አለች ድስቱን ደፉ ላይ ስታስቀምጥ። «ምሳውንም እርስዎ ይብሉለት።»

«ጾም ላይ ነኝ፣ ቬኔራ።»

«እኔም ጾም ላይ ነኝ! ከወይን ለቀማ ጀምሮ ጉልበቴ ጾም ላይ ነው!»

ድስቱን ትታ ተመለሰች። ምግቡን በጎን ክፍል ለዓርብ የሚለማመዱት ለቅሶኞች በሉት፤ የሕማማት ልምምድ ያስርባልና። ናርዱም በላ። ግን እንደ ናርዱ በላ እንጂ እንደ ዮሴፍ አልበላም፤ ይህንን እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል።

በእኛ አገር ቅዱስ ሲያጠፋ ይቀጣል። እናቶቻችን ዝናብ የተከለከሉ ጊዜ ሐውልቱን ከመቅደስ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡት ነበር፣ እስቲ አንተም ቅመሰው ብለው። ቬኔራ ከአልጋዋ በላይ የተሰቀለውን የዮሴፍን ሥዕል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። «እኔ ቆሜያለሁ፤ አንተም ግድግዳህን እያየህ ቁም» አለችው።

ዓርብ ሲመሽ የጌታ ሬሳ ምስል በመስተዋት ሣጥን ሆኖ በመንደሩ ዞረ። ቬኔራ ጥቁሯን ለብሳ ከሴቶቹ መሃል ሄደች። ችቦው ይነዳል፤ ወንዶቹ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው በክብ ቆመዋል። የናርዱ ድምፅ ከሁሉ በላይ እንደ ጭስ ቀጥ ብሎ ወጣ፦

«እናት መጣሁ ብትል ልጇን ልትገንዘው፣
መዶሻው ቀደማት፣ ምስማሩ ያዘው።»

ሴቱ ሁሉ አነባ። ድንጋዩም ያነባ ይመስል ነበር። የቬኔራን እንባ ግን እልሁ አላሳልፍ አለው። እንዲህ የሚያምር ድምፅ፣ እንዲህ የሚያምር ሐዘን፣ ለአንዲት የድሃ ገበታ አንዲት ቀን መልቀቅ ያቃተው ለምንድን ነው? ይሄን እያሰበች፣ ጥርሷን ነክሳ፣ እስከ መጨረሻው ተከተለች።

የትንሣኤ ዕለት ደወሉ ሲደወል ጋስፓሬ የበግ ሥጋውን በሳህን አድርጎ ወደ መስኮቱ መጣ። ከአጠገቧ ቆመና መብላት ጀመረ።

«ምን ታደርጋለህ?»

«እበላለሁ።»

«ተቀምጠህ ብላ።»

«አልቀመጥም።»

«እግርህ ያብጣል!»

«ይበጥ።»

«ስእለቱ የኔ ነው፣ ጋስፓሬ!»

«እግሩ ደግሞ የኔ ነው።»

እንደ ሁለት አውራ ዶሮ ተፋጠው የፋሲካውን በግ ቆመው በሉት። በማግስቱም እንዲሁ። በሳምንቱ ውስጥ የጋስፓሬ ቁርጭምጭሚት እንደ ዳቦ ሊጥ ተነፋ። ቬኔራ ማታ ማታ በጨው ውሃ እያሸች ትሰድበዋለች፤ እሱም እየተሰደበ ያንቀላፋል። ቁጭ በል ብትለው አይሰማም። እሷ ደግሞ ቁጭ እንዳትል ቀኑ አልፏል።

አዎ፣ በእሷ ቤት ቀኑ አልፏል። ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ሰኞ የእመቤታችን ደወል ሲደወል አግሪፒና በሩ ላይ ብቅ አለች።

«አበልጄ፣ ምድጃው ነዷል። ሊጥሽን አምጪ።»

«ሊጥ የለኝም።»

«እንዴት የለሽም? ነገ እኮ ዮሴፍ ነው።»

«ዮሴፍ ድሮ አለፈ። የለመንኩትን አብስያለሁ፤ ያበሰልኩትን ለቅሶኞች በልተውታል። ደግሜ በባዶ እግሬ በሰው ደጅ አልዞርም። አንድ ጊዜ መሳቂያ መሆን ይበቃኛል።»

«እስከ መቼ ልትቆሚ ነው ታዲያ?»

«እስክወድቅ።»

ማክሰኞ ጠዋት ጋስፓሬ በጊዜ ወጣ። ቬኔራ ለራሳቸው ምሳ የባቄላ ክክ ጣደች፤ ቅዳሴውም አልሄደችም። ክኩ እንደ ገንፎ ሲወፍር፣ እንስላሉን ስትጨምርበት፣ ከመንገዱ የብዙ ሰው እግር ሰማች። ከዚያ በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?» አለች። ቃሉ ከልማድ አመለጣት።

«ኢየሱስ፣ ማርያምና ዮሴፍ።»

የናርዱ ድምፅ ነው። ሥርዓቱን የማያውቅ የለም፤ ቅዱሳኑ ሁለት ጊዜ ይባረራሉ፣ በሦስተኛው ይገባሉ። የባለስእለቷም ቃል የታወቀ ነው፤ ሌሎች ሴቶች ፈገግ እያሉ ነው የሚሉት።

«እዚህ ቦታ የለም!» አለች ቬኔራ። «ሌላ በር አንኳኩ!»

ፈገግታ አልነበረበትም። 

በሩ ሁለተኛ ተንኳኳ።

«ቦታ የለም አልኩ እኮ! ገበታ በዘረጋሁልህ ቀን የት ነበርክ? ፓስታው ድንጋይ ሲሆን የት ነበርክ? ለሕማማት መንገድ ትለቃለህ፣ ለሚስትህ መንገድ ትለቃለህ፣ ለኔ ማን ይልቀቅልኝ? ሂድ!»

«ኧረ እመቤቴ ድረሺ» አለች አግሪፒና ከውጭ፤ «ይቺ ሴት የምሯን ነው።» ማርያም የሆነችው ልጃገረድ ማልቀስ ጀመረች። አንድ ቆፋሪ «ሦስተኛውን ባታንኳኳ ይሻላል፣ ናርዱ፤ ጥርስህን ነው የምታራግፈው» አለ። «ምን ጥርስ አለኝና» አለ ናርዱ።

ሦስተኛው ማንኳኳት ግን ዘገየ። ቬኔራ በበሩ ስንጥቅ አየች። ናርዱ የቅዱሱን ካባ ለብሶ እጁን አንስቷል፤ አያወርደውም፣ አያንኳኳም። ከበስተኋላው፣ ከግድግዳው ጋር፣ ጋስፓሬ አለ። ትከሻውን ድንጋዩ ላይ አስደግፎ በአንድ እግሩ ቆሟል፤ ያበጠችዋ መሬቱን በአውራ ጣቷ ብቻ ትነካለች። ጫማ የለውም። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አቧራ ለብሷል። ከእግሩ ሥር ቅርጫት አለ፤ በቅርጫቱ ውስጥ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ ዳቦ። ከአንድ ምድጃ የወጣ ዳቦ እንዲህ አይለያይም። ወንድ ልጅ በካርዳራ ለዮሴፍ ለምኖ አያውቅም፤ ልመናው የሴት ነው። እሱ ግን በዚያ እግሩ ከላይኛው መንደር እስከ ምንጩ ድረስ በየደጁ ቆሞ ነበር።

ናርዱ ሦስተኛውን አንኳኳ። ሳይጨርስ በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። ቬኔራ ቅዱሳኑን አላየቻቸውም። በካባውና በጢሙ አናት ላይ አሻግራ ጮኸች።

«በዚህ እግርህ? በዚህ እግርህ ያንን ሁሉ አቀበት?»

«ሰው ለዮሴፍ እንቢ አይልም» አለ ጋስፓሬ።

«ጫማህስ?»

«ሥርዓቱ በባዶ እግር ነው አሉ።»

«ሥርዓት! አንተም ሥርዓት ጀመርክ!» ያበጠችውን እግሩን ደግማ አየች። ይሄ ሰውዬ ነገም ከነገ ወዲያም አጠገቧ ቆሞ ይበላል፤ እግሩ እስኪቆረጥ ድረስ ይቆማል። ይሄንን ዮሴፍ ያውቀው እንደሆን አላወቀችም። እሷ ግን አወቀችው።

«እኛስ እንግባ ወይስ እንመለስ?» አለ ናርዱ።

«ግቡ! ቆማችሁ ምን ታዩኛላችሁ!»

ገቡ። ሰውም ተከትሎ ገባ። ቬኔራ ጫማዋን በር ላይ ወረወረች፤ ለሦስቱ እጃቸውን አስታጠበች፣ ክኩን ቀዳች፣ ጋስፓሬ የለመነውን ዳቦ ቆረሰች። ጎረቤቱም ከየቤቱ የያዘውን ያኖር ጀመር፤ ወይራ፣ ብርቱካን፣ የተጠበሰ ጎመን። አግሪፒና በትልቅ ሳህን ትኩስ አይብ ይዛ መጣች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አይብ ነዋ። ጾሙ አልቋል።»

«በዮሴፍ ገበታ ላይ?»

አባ ሊቦሪዮ ከበሩ ሆነው ጣልቃ ገቡ። «ቬኔራ፣ የትንሣኤ ወራት ነው። ይፈቀዳል።»

«ቀኑን አንቀሳቅሰውታል፣ አባ። ምግቡን አያንቀሳቅሱትም!»

አባ ሊቦሪዮ እጃቸውን አነሡ፣ የተማረከ ሰው እንደሚያነሳ። ከዚያም ሳህኑን ከአግሪፒና ተቀብለው ራሳቸው ወደ ውጭ አወጡት፤ ደጅ ላይ ቆመው ቀምሰውታል የሚሉም አሉ።

ናርዱ ቀስ ብሎ በላ። ሌላ ጊዜ የሚበላው እንደ ተራበ ሽማግሌ ነው፤ ያን ዕለት ግን ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ ጢሙን በመሐረብ ይዞ፣ እንደ ቤቱ አባወራ በላ። ቬኔራ ከወንበሩ ኋላ ቆማ ሳህኑን ትጠብቃለች።

«ጨው አንሶታል» አለ ዮሴፍ።

«የዘገየ ሰው ጨው አይጠይቅም።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌውም ሳህኑን በዳቦው ጠርጎ ጨረሰ፤ ተነሥቶም ገበታውን አማተበበት። «ጠግበናል» አለ። «በዚህ ቤት ያለው ሁሉ ይጥገብ።»

ከዚያ ሁሉም በላ። ማንኪያ አልበቃም፤ በእጅም ተበላ። ቬኔራ ለጎረቤቱ ቀዳች፣ በምንጩ ዳር ለሚያላግጡባት ሴቶች ቀዳች፣ ጋስፓሬን በትከሻው ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና ቀዳችለት። ለአንድም ሰው ፈገግ አላለችም። ለአባ ሊቦሪዮ ሳህኑን ስትሰጥ «ሕጉ ሕግ ነው፤ እኔ ግን ይቅር አላልኩም» አለች። «ለማን?» ቢሏት፣ «ገና አልቆጠርኩም» አለች።

«አበልጄ፣ ማሰሮው እኮ ሊያልቅ ነው» አለች አግሪፒና። «ተቀመጪ እንጂ።»

ቬኔራ ከማሰሮው ስር የቀረውን ፍቃ አወጣች። ከባሏ አጠገብ ያለውን ወንበር በእግሯ ሳበች። ጉልበቷ ቶሎ አልታጠፈላትም፤ ጠረጴዛውን ይዛ ቀስ ብላ ወረደች። ሰዎቹ ማየታቸውን ለመደበቅ ማውራት ጀመሩ። ዳቦ ቆረሰች፣ በክኩ አጠቀሰች፣ ጎረሰች።

«ቀዝቅዟል» አለች ተቆጥታ፤ ደግማም ጎረሰች።